ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ በአንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ድጋፉን ከየት እንጀምር?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። በስድስት ዓመቱ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረትን የመግዛትና ረግቶ የመቀመጥ ችግር፣ እንዳለበት ተነገረን፤ በቅርቡ ደግሞ ሌላ ባለሙያ በዝርዝር መርምራ ኦቲዝምም እንዳለበት አረጋገጠች። ያስቸገረኝ የስሞቹ መብዛት ሳይሆን አንዱን ለማገዝ የተሰጠን ምክር ሌላውን የሚያባብስ መሆኑ ነው። ለኤዲኤችዲው፣ ልጁ እንዳይሰለች ሥራውን ቶሎ ቶሎ እንድንቀያይርለት ተመከርን፤ እንደተባልነው ስናደርግ ሳይነገረው በተለወጠው ነገር ሁሉ ይረበሻል፣ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ለኦቲዝሙ ደግሞ ቀኑን በማይለወጥ ሥርዓት እንድናስይዝለት ተመከርን፤ ሥርዓቱ ጥቂት ሰንብቶ ይሰለቸውና በገዛ እጁ ያፈርሰዋል፣ ከዚያም ስለፈረሰ ያለቅሳል።

የእኔ እምነት እንዲህ ያለውን ልጅ ሁለት የተለያዩ ችግሮች እንዳሉበት ቆጥሮ በየፊናው ማገዝ እንደማይጠቅም ነው። ድጋፉ ሁለቱ ለሚገናኙበት ቦታ ተብሎ መታሰብ አለበት። እንዲህ ያለ ልጅ የምታሳድጉ ወይም ራሳችሁ እንዲህ ሆናችሁ ያደጋችሁ፣ በእውነት የሠራላችሁ ምንድን ነው?

ምላሾቹ ስለበዙ፣ ዘግይተው ለሚመጡ አንባቢዎች እንዲመች የእያንዳንዱን ሐሳብ በቁጥሩ ተራ በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ ምላሽ

ከአዲስ አበባ የጻፉ አንድ አባት ከሰላምታ በኋላ፣ የእሳቸው ሴት ልጅ ከእኔ ልጅ በተገላቢጦሽ መንገድ እንደመጣች ነገሩን። በሦስት ዓመቷ ኦቲዝም እንዳለባት ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ አለመቀመጧ፣ የጀመረችውን በመሐል ትታ መሄዷ፣ አስፋልት ላይ እጃቸውን አስለቅቃ መሮጧ ሁሉ የኦቲዝሙ ጠባይ ነው ተብሎ ታለፈ። አንድ ባለሙያ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ እንደማይችሉ በቁርጠኝነት እንደነገሯቸውም ጨመሩ። አንዱን ስም ለማግኘት ይህን ያህል ከደከሙ በኋላ ሁለተኛውን መፈለጉ ትርፍ ይኖረው እንደሆነ ነው የጠየቁት።

2ኛ ምላሽ

የአእምሮ ጤና ነርስ የሆኑ እኅት ለእኚህ አባት መልስ ሰጡ። ባለሙያው የነገሯቸው ነገር ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅማል ብለው ታሪኩን አስረዱ። በ1994 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ አራተኛ እትም፣ ኦቲዝም ላለበት ሰው ኤዲኤችዲ የሚለውን ስም በተጨማሪ መስጠትን አይፈቅድም ነበር። ክልከላው የተነሣው አምስተኛው እትም በግንቦት 2013 ሲወጣ ነው። ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች አመዳደብ 11ኛ ክለሳም ሁለቱን አንድ ላይ መመዝገብ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከ2013 በፊት የተማረ ባለሙያ አንዱን ስም ብቻ ቢሰጥ በጊዜው ሕግ መሠረት መሥራቱ ነበር፤ ዛሬም ያንኑ ከያዘ ግን እውቀቱን ማደስ ይገባዋል።

ክልከላው በነበረበት ዘመን እንኳ ተመራማሪዎች መደራረቡን ያዩት እንደነበር ለማሳየት፣ በእንግሊዝ ተደርጎ በ2008 የታተመ ጥናት ጠቀሱ። ኦቲዝም ካለባቸው 112 ልጆች መካከል 28 በመቶ ያህሉ የኤዲኤችዲን መስፈርት ያሟሉ ነበር። መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ሁለቱ ሁኔታዎች ብዙ የዘር መነሻ እንደሚጋሩ አሳይተዋል። ነርሷ ለአባትየው ጥያቄ የሰጡት ቀጥተኛ መልስ፣ ሁለተኛው ስም የሚያስፈልገው ለድጋፉ አቅጣጫ ነው የሚል ነው፤ አስፋልት ላይ የምትሮጥ ልጅ የምትሮጠው ከጩኸት ለማምለጥ ከሆነና ዓይኗ የያዘውን ነገር ለመከተል ከሆነ፣ ጥንቃቄው አንድ አይደለም።

3ኛ ምላሽ

በዚህ የውይይት ክር ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። የጻፉልን በስቶክሆልም የሚኖሩ፣ ሠላሳዎቹን ካለፉ በኋላ ሁለቱም እንዳሉባቸው የታወቀላቸው ሴት ናቸው። በልጅነታቸው በአንድ ቀን ውስጥ ጠዋት ቀዥቃዣ፣ ከሰዓት ደግሞ ፈዛዛ እየተባሉ ማደጋቸውን አስታውሰው፣ ሁለቱም ስድቦች ስለ አንድ አእምሮ እንደነበሩ ዛሬ ይገባቸዋል። ከውስጥ ሲታይ ነገሩ በሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች መጎተት ነው። አንዱ ፍላጎት ነገ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ካላወቀ አያርፍም፤ ሌላው ነገ ከትናንት ጋር አንድ ከሆነ ይታፈናል። ለጉዞ ብዙ ሳምንት ቀድመው ዝርዝር ይጽፋሉ፤ ዝርዝሩን ይጥሉታል፤ ዝርዝሩ ሲጠፋ ጉዞው ሁሉ የጠፋ ያህል ይደነግጣሉ። አንድ ዓይነት ምግብ ለወራት በየቀኑ ይበላሉ፤ አንድ ቀን ያው ምግብ ከጉሮሯቸው አልወርድ ይላል፣ የሚተካውም ሌላ ምግብ ስለሌላቸው ሳይበሉ ይውላሉ።

የቡናውን ነገር የገለጹበት ክፍል ለእኔ ብዙ ነገር ከፍቶልኛል። ሰው ይወዳሉ፣ ጨዋታ ይወዳሉ፣ አዲስ ወሬ ይጠማቸዋል፤ ስለዚህ ለቡና ሲጠሩ በደስታ ይሄዳሉ። ትንሽ ቆይቶ የዕጣኑ ጭስ፣ የሲኒው ኳኳታ፣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ማውራቱ ተደምሮ ጭንቅላታቸውን ይሞላዋል፤ ሁለተኛው ሳይቀዳ ተነሥተው ይወጣሉ። ቤተ ዘመዱ ይህን እንደ ንቀት ስለሚቆጥር ለብዙ ዓመታት በቤተሰባቸው መካከል ቅያሜ ሆኖ ኖሯል። መምጣታቸውም መውጣታቸውም እውነተኛ ፍላጎት እንደነበር የገባው ሰው አልነበረም።

ምርመራው ለምን እንደዘገየ ሲያስረዱም፣ ተናጋሪና ተግባቢ ስለነበሩ ኦቲዝምን የጠረጠረ ሰው እንዳልነበረ፣ በዝርዝርና በማስታወሻ ስለሚኖሩ ደግሞ ዝንጉነታቸው እንዳልታየ ገለጹ። አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ኖረ ማለት ነው። የመሸፋፈኑን ድካም የከፈሉት ግን እሳቸው ነበሩ፤ ማታ ማታ ቤት ገብተው በጨለማ መቀመጥ ነበር ዕረፍታቸው።

4ኛ እና 5ኛ ምላሽ

ሁለቱም አጫጭር ናቸው። የመጀመሪያው ምስጋና ነው። ሁለተኛዋ እናት፣ ልጃቸው ትምህርት ቤት ፀጥ ብላ ውላ የቤቱን ደጃፍ ስትረግጥ በጩኸት የምትፈነዳው ይህ መሸፈን ይሆን እንዴ ሲሉ ጠየቁ። የስቶክሆልሟ እኅት ሊሆን እንደሚችል መልሰው፣ ከትምህርት ቤት መልስ ለተወሰነ ጊዜ ጥያቄም ትእዛዝም የሌለበት ሰዓት እንዲሰጧት መከሩ። ስለ ውሎዋ የሚጠይቋት እንኳ መክሰስ ከበላችና ካረፈች በኋላ ይሁን አሉ።

6ኛ ምላሽ

የክሩ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ የሚመስሉ ሰው፣ በእሳቸው ልጅነት ይህ ሁሉ ስም እንዳልነበረ፣ ልጅ ሲያጠፋ ተቆንጥጦ ወይም ተገርፎ ይስተካከል እንደነበር፣ የዛሬ ወላጆች ስልክና ከረሜላ ሰጥተው ያበላሿቸውን ልጆች ሐኪም ዘንድ ወስደው ስም እንደሚያሰጧቸው ጻፉ። አሜሪካ የምንኖር ወላጆች ደግሞ ለድጎማ ስንል ልጆቻችንን በሽተኛ እናስብላለን አሉ።

7ኛ ምላሽ

ከሐዋሳ የጻፉ እናት በቀጥታ መለሱላቸው። ስሙ ባይኖርም ልጆቹ ነበሩ። ከክፍል ተባርረው ከብት ጥበቃ የተላኩት፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚዘጋባቸው፣ ሰፈርተኛው ዕብድ እያለ ድንጋይ የሚወረውርባቸው እነማን ነበሩ ብለው ጠየቁ። ሳይንሱም ቢሆን የትናንት አለመሆኑን ሲያስረዱ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ስቲል በ1902 ለንደን ውስጥ ትኩረታቸውንና ስሜታቸውን መግዛት ስለሚሳናቸው ልጆች ንግግር ማድረጋቸውን፣ ሊዮ ካነር በ1943 የ11 ልጆችን ታሪክ ጽፈው ኦቲዝምን ማስተዋወቃቸውን አነሡ። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለራሳቸው ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት በማጣታቸው በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መክፈታቸውን አስታውሰው፣ ያኔ በየጓዳው ተደብቀው የነበሩ ልጆች መውጣት የጀመሩት አንዲት እናት ልጇን ከአደባባይ ባለመደበቋ እንደሆነ አሰመሩበት። ይህን ሳነብ ከልቤ አመሰገንኳቸው።

8ኛ እና 9ኛ ምላሽ

የ6ኛው ጸሐፊ ተመልሰው መጥተው ቃላቸውን አጠነከሩ፤ የሐዋሳዋን እናት ልጅ መቅጣት የማይችሉ አሏቸው። አወያዩ ገብተው የሰውን አስተዳደግ መሳደብ በዚህ መድረክ እንደማይፈቀድ አስጠነቀቁ። ሆኖም ሰውየው ከስድቡ መሐል የጻፉት አንድ ነገር መልስ ይገባዋል ብዬ ስለማምን እመዘግበዋለሁ፦ ስም ሰጥቶ ድጋፍ አለመስጠት ለቤተሰቡ ምን ይፈይዳል የሚል ነው። በአገር ቤት ከስሙ በኋላ የሚከተል ነገር የጠፋባቸው ወላጆች ብዙ ናቸውና ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ግርፋቱን በተመለከተ ግን የስቶክሆልሟ እኅት በአጭሩ የመለሱት ይበቃል፤ እሳቸው ተገርፈዋል፤ ከግርፋቱ የተማሩት ትኩረትን ሳይሆን ፍርሃትን መደበቅ ነው።

10ኛ ምላሽ

አንድ የፋርማሲ ባለሙያ የመድኃኒቱን ነገር አነሡ። ጥንቃቄ የተሞላበት ጽሑፍ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ለኦቲዝም ዋና ጠባዮች የሚሰጥ መድኃኒት የለም፤ ለኤዲኤችዲ ግን አለ። ሁለቱ ሲደራረቡ ጥያቄው የኤዲኤችዲው መድኃኒት እንደ ሌሎቹ ልጆች ይሠራል ወይ የሚለው ነው። በ2005 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ኦቲዝምና ተዛማጅ ሁኔታዎች ባሉባቸው 72 ልጆች ላይ የኤዲኤችዲ መድኃኒት የሆነውን ሜቲልፌኒዴትን ሞክሮ፣ 49 በመቶው መሻሻል እንዳሳዩ፣ 18 በመቶው ግን በጎንዮሽ ጉዳት፣ በተለይም በመነጫነጭ ምክንያት እንዳቋረጡ አገኘ። ኤዲኤችዲ ብቻ ባለባቸው ልጆች ዘንድ መሻሻሉ ከዚህ ይበልጣል፣ የሚያቋርጡትም ያንሳሉ። የፋርማሲ ባለሙያው ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ መድኃኒቱ አይሞከር የሚል አይደለም፤ በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመር፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ጠባይ በየቀኑ ይመዝገብ፣ ልጁ በቃል መናገር የማይችል ከሆነ ደግሞ ወላጁ ይበልጥ ይከታተል የሚል ነው። ሜቲልፌኒዴት ላልተስማማቸው ሌሎች አማራጮች እንዳሉ፣ ከእነዚህም ጓንፋሲን በ2015 በታተመ ጥናት ኦቲዝም ካለባቸውና ከሚቅበጠበጡ 62 ልጆች መካከል ከወሰዱት ግማሾቹን እንደረዳ፣ መድኃኒት ያልሆነ እንክብል ከወሰዱት ግን የተሻላቸው 9.4 በመቶው ብቻ እንደነበሩ ጨመሩ።

11ኛ ምላሽ

የአንድ ጎረምሳ እናት የራሳቸውን ገጠመኝ አካፈሉ። መድኃኒቱ ልጃቸውን አረጋጋው፤ መቀመጥ፣ መጻፍ ቻለ። ነገር ግን መቅበጥበጡ ሲቀንስ ቀድሞ ያልታየው ነገር ወጣ፤ እርሳሶቹ በተራ ካልተደረደሩ ሥራ አይጀምርም፣ የአስተማሪው መቀየር ቀኑን ሙሉ ያስጨንቀው ጀመር። መድኃኒቱ ልጄን ለወጠብኝ ብለው ሊያስቆሙት ሲሉ፣ ሐኪሙ የተለወጠ ነገር እንደሌለ፣ በግርግሩ ሥር ተሸፍኖ የኖረው ኦቲዝም እንደታየ አስረዷቸው። የስቶክሆልሟ እኅት ይህ በእሳቸውም ላይ እንደደረሰ ጻፉ። በእኔ አስተያየት ይህ ምላሽ ከቁጥሮቹ ይልቅ ለወላጅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ድጋፉ በዚያ ጊዜ መቀየር እንዳለበት ያስጠነቅቃል።

ከ12ኛ እስከ 14ኛ ምላሽ

በመጀመሪያ የጻፉት የአዲስ አበባ አባት፣ የታዘዘ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ መዞራቸውን ነገሩን። የፋርማሲ ባለሙያው ሜቲልፌኒዴት በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲገባ በ2019 እና በ2021 የቀረቡት ጥያቄዎች ተቀባይነት እንዳላገኙ ጠቅሰው፣ ዝርዝሩ ብዙ አገሮች መድኃኒት ሲመርጡ የሚመሩበት በመሆኑ ውሳኔው ቀላል እንዳልሆነ አስረዱ። አንዲት በዱባይ የሚሠሩ እኅት ከውጭ አስልከው ለመርዳት ተነሣሡ። ይህን ማንም በችኮላ እንዳያደርገው ወዲያው ተመለሰ፤ መድኃኒቱ በብዙ አገሮች በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለ ነው፤ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ለራስ የታዘዘ ቢሆን እንኳ ይዞ ለመግባት ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለልጅ ሲሉ እስር ቤት መግባት ለልጁ አይጠቅምም የሚለውን ሁሉም ተስማሙበት።

15ኛ ምላሽ

ሌላ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ እንደሆነ፣ ልጆቹን ጸበል መውሰድ ብቻ እንደሚበቃ ጻፉ። የተቃወሟቸው አንዳንዶቹ ከሃይማኖቱ ጋር ጭምር ስለተጣሉ ክሩ ሊበላሽ ተቃርቦ ነበር።

16ኛ ምላሽ

ያረጋጉት ዲያቆን መሆናቸውን የገለጹ፣ የኦቲዝም ልጅ አባት ናቸው። እሳቸው ልጃቸውን ጸበል ይወስዳሉ፤ ሕክምናውንም፣ የንግግር ልምምዱንም አላቋረጡም፤ አንዱ ለሌላው እንቅፋት የሆነበት ቀን አልገጠማቸውም። የሚወስዱት ግን ሰው ሳይበዛ በማለዳ ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲነካው እንደሚደነግጥ ለካህኑ አስቀድመው ይነግራሉ፤ መጀመሪያ እጁን፣ ከዚያ ራሱን ያስነኩታል፤ ልጁም ቀጥሎ የሚሆነውን ስለሚያውቅ አይሸሽም። ማሰርና መደብደብን በምንም ስም እንደማይቀበሉ ደግሞ በጠነከረ ቃል ጻፉ። ምእመን ለሆነ ወላጅ ከዚህ የተሻለ ምክር አላየሁም።

17ኛ ምላሽ

ወደ ጥያቄዬ የመለሱን የባሕር ዳር መምህር ናቸው። በክፍላቸው ከ60 በላይ ተማሪ አለ፤ ረዳት መምህር የላቸውም። ለ2ኛው ምላሽ ምስጋና አቅርበው፣ ስሙን ሳያውቁ በልምድ የደረሱበትን ዘረዘሩ። የእሳቸው መርሕ ቅርጹን አጽንቶ ይዘቱን መቀያየር ነው። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ተራ ይሄዳል፦ አንድ የቃል ጥያቄ፣ ማብራሪያ፣ ደብተር ላይ ሥራ፣ እርማት። ተራው ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም፤ የቃል ጥያቄው ግን በየቀኑ አዲስ ነው፤ አንድ ቀን ስለ ገበያ፣ ሌላ ቀን ስለ እግር ኳስ፣ ሌላ ቀን ስለ ዓባይ ድልድይ። አዲስ ነገር የሚፈልገው የልጁ ክፍል በጥያቄው ይጠግባል፤ መተማመኛ የሚፈልገው ክፍል ደግሞ በተራው ያርፋል። የመክፈቻ ጽሑፌ የጠየቀውን ከሁሉም አጥርቶ የመለሰልኝ ይህ ነው፤ እኛ ሁለቱን ምክሮች እያፈራረቅን ስንሞክር፣ እሳቸው በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አስታረቋቸው።

ሌሎቹም ምክሮቻቸው ወጪ የሌለባቸው ናቸው። ልጁን ከመስኮትና ከበር ርቆ፣ ከግድግዳ ጥግ ማስቀመጥ፤ ትእዛዝን አንድ በአንድ መስጠት፤ የቀኑን ተራ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፎ ያለቀውን ማጥፋት፤ ለውጥ ሲኖር ከዋዜማው ጀምሮ መናገር፤ ሰውነቱ መንቀሳቀስ ሲፈልግ ጠመኔ ወይም የስም መጥሪያ መዝገብ እንዲያመጣ መላክ። ደወሉ ሊደወል ሲል ደግሞ በእጃቸው ምልክት ያሳዩታል፤ ልጁ ጆሮውን ይሸፍናል፤ ማንም አይስቅበትም፤ ምክንያቱም መምህሩ አስቀድመው ለክፍሉ አስረድተዋል።

18ኛ ምላሽ

አንዲት እናት ከመምህሩ ምክሮች አንዱን አረሙ። ልጃቸው ሥራ ላይ ሳለ ድንገት መላኩ ራሱ ለእሱ መረበሽ ነው፤ የያዘው ነገር ሲቋረጥበት ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ መላኩ ከየትኛው ሥራ በኋላ እንደሚሆን አስቀድሞ እንዲነገረው ጠየቁ። መምህሩ እርማቱን በደስታ ተቀበሉ። ነርሷም ይህ የብዙ ኦቲስቲክ ሰዎች ጠባይ እንደሆነ፣ ትኩረታቸው በጥቂት ነገር ላይ በጥልቀት ስለሚያርፍ ከዚያ ማውጣት ሥቃይ እንደሚሆን አስረዱ። ኤዲኤችዲው ሲታከልበት ደግሞ ልጁ ትኩረቱን የሚያሳርፍበትን ነገር በፈቃዱ መምረጥ ያቅተዋል። ትኩረት አለው፣ መሪውን ግን ሁልጊዜ አይዘውም። የሚወደውን ነገር በሽልማትነት ከመያዝ ይልቅ የትምህርቱ መግቢያ በር ማድረጉ የሚሻለው ለዚህ ነው።

19ኛ እና 20ኛ ምላሽ

በሜሪላንድ የሚኖሩ አባት የአሜሪካን ትምህርት ቤት መብቶች ዘረዘሩ። ወላጅ ልጁ እንዲመረመር በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ሲሆን ቀን ይቆጠርበታል። በፌዴራሉ ሕግ ወላጅ ከተስማማ በኋላ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ ግዛቱ የራሱን ጊዜ ከወሰነ ግን የግዛቱ ይሠራል። ትምህርት ቤቱ ወላጅ በስብሰባው የሚባለውን እንዲረዳ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ታላቅ ልጅን ወይም ጎረቤትን ማስተርጎም የለባችሁም ብለው አስጠነቀቁ።

ቀጥለው የጻፉት ሴት አንድ ነገር አስተካከሉ። አባትየው ኦቲዝም በአይኢፒ (ለልጁ በግል በሚጻፍ የልዩ ትምህርት ዕቅድ)፣ ኤዲኤችዲ ደግሞ በ504 ፕላን (በመደበኛው ክፍል ማመቻቻ በሚሰጥ ዕቅድ) ብቻ እንደሚስተናገድ አስመስለው ጽፈው ነበር። ትክክሉ ግን ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅም ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው ከሆነ አይኢፒ ሊያገኝ ይችላል፤ በተጨማሪም አይኢፒ የሚጻፈው በልጁ ፍላጎት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ምድብ ኦቲዝም ቢሆንም የትኩረቱም ፍላጎት መልስ ማግኘት አለበት። ይህ እርማት ለእኔ ወርቅ ነበር፤ በስብሰባችን የመቅበጥበጡ ነገር በሌላ ወረቀት ይታያል ተብለን ነበርና።

ከ21ኛ እስከ 23ኛ ምላሽ

ክሩ እዚህ ላይ ወደ ቋንቋ ዞረ። አንዲት እናት፣ ልጃቸው እንዳይደናገር በሚል ቤት ውስጥ አማርኛ እንዲያቆሙ በአንድ ባለሙያ ተመክረው እንዳቆሙ፣ ዛሬ ልጁ ከአያቱ ጋር አንድ ቃል መለዋወጥ እንደማይችል በኀዘን ጻፉ። ነርሷ የተደረጉት ጥናቶች ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ኦቲስቲክ ልጆች አንድ ብቻ ከሚሰሙት በቋንቋ እድገታቸው ወደ ኋላ እንደሚቀሩ አለማሳየታቸውን አስረዱ። ወላጅ አቀላጥፎ በማይናገረው ቋንቋ ሲያወራ የሚቀንሰው የልጁ ቋንቋ መስሚያ ነው። ያቆመ ሰው ዛሬም መጀመር ይችላል፤ በመዝሙር፣ በተረት፣ ልጁ በሚወደው ነገር ስም።

በዚህ መካከል አንድ ሰው ክትባትን ተጠያቂ አደረጉ። ነርሷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘጉት፤ ነገሩን ያስነሣው የ1998ቱ ጽሑፍ በ2010 ከታተመበት መጽሔት ተሽሯል፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶችም ግንኙነት አላገኙም።

24ኛ ምላሽ

አንድ ባለትዳር ሰው ስለ አዋቂዎች ማንም እንዳላነሣ ወቀሱን፤ ወቀሳቸው ትክክል ነው። ባለቤታቸው ሁለቱም እንዳሉባቸው ይጠረጥራሉ፤ የመብራት ክፍያ ይረሳሉ፣ ቁልፍ ይጥላሉ፣ ድንገት እንግዳ ሲመጣ ግን ክፉኛ ይቆጣሉ። ባልየው ጥፋቱን ፍቅር ማጣት አድርገው ያዩት እንደነበር ጻፉ። የስቶክሆልሟ እኅት በዝርዝር መለሱላቸው፦ ክፍያው በራሱ እንዲቆረጥ ማድረግ፣ ለቁልፍ ከበሩ አጠገብ አንድ የማይለወጥ ቦታ መመደብ፣ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት መደወል፣ የሚያስጠላ ሥራ ሲኖር ሳይናገሩ አጠገባቸው መቀመጥ። የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ለእሳቸው ግን የሰው አጠገብ መኖር ብቻውን ሥራውን ያስጀምራቸዋል። ሚስታቸው እንዲመረመሩ መገፋፋት ግን የባል ሥራ እንዳልሆነ ለዘብ አድርገው ነገሯቸው።

25ኛ ምላሽ

የአዲስ አበባው አባት ተመለሱ። ለሁለተኛው ምርመራ ቀጠሮው ሩቅ ነው፤ እስከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቅ አለባቸው ወይስ የመምህሩን ምክሮች ከወዲሁ መጀመር ይችላሉ ብለው ጠየቁ። ስም ሰጥቶ ድጋፍ አለመስጠት ምን ይፈይዳል ለሚለው የ8ኛው ምላሽ ጥያቄም መልስ የተገኘው በዚህ አጋጣሚ ይመስለኛል።

26ኛ ምላሽ

ነርሷ እንዲጀምሩ መከሩ። ምርመራ የሚጠይቀው መድኃኒቱ ነው፤ የቀኑን ተራ በሥዕል መስቀል፣ ለውጥን ከዋዜማው መናገር፣ ትእዛዝን ማሳጠር፣ ጩኸትን መቀነስ የማንንም ፊርማ አይጠይቁም። ከዚህ ጎን ለጎን ጆሮዋ በደንብ መስማቱ፣ እንቅልፏ፣ እንዲሁም በመሐል የሚያፈዛት ነገር ካለ የሚጥል በሽታ አለመሆኑ ይታይ ብለው አሳሰቡ፤ እነዚህ ትኩረት ማጣት መስለው ሊታዩ ይችላሉና። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠና በኢትዮጵያም ተላምዶ መሞከሩን ጠቅሰው፣ በአቅራቢያቸው ባለ የጤና ተቋም ወይም ማዕከል ስለ ሥልጠናው እንዲጠይቁ ነገሯቸው።

27ኛ ምላሽ

የባሕር ዳሩ መምህር በአንድ ጊዜ ቀኑን ሁሉ ለመለወጥ እንዳይሞክሩ፣ ከአንድ ሰዓት እንዲጀምሩ አከሉበት። አባትየው ከጠዋቱ መልበሻ ሰዓት ለመጀመር ወሰኑ፦ አራት ሥዕል፣ ሁልጊዜ በአንድ ተራ፣ የካልሲውን ቀለም ግን በየቀኑ ልጅቷ ትመርጣለች። በሥዕሎቹ ላይ ፊደል መጻፍ ይሻል ወይስ ሥዕሉ ብቻ ይበቃል ለሚለው ጥያቄያቸው የመለሰ ሰው እስካሁን ስለሌለ፣ የሚያውቅ ካለ በ28ኛ ቁጥር ይጻፍላቸው።